በእኔ ቤት አይሁን

«ይሙት፤ መሞቱን ማንም አልከለከለውም። ግን በእኔ ቤት አይሁን!» አለች የአባቴ አከራይ ወይዘሮ ፉንግ። የምታወራው ከቤት ደላላው ጋር በስልክ ነው። በሯን ለአየር ብላ ገርበብ አድርጋዋለች፤ ድምጿም ከሁለተኛው ፎቅ እስከ መንገዱ ይሰማል። እኔ ለአባቴ የገዛሁትን ወፍራም ብርድ ልብስ ታቅፌ ደረጃው ላይ ነኝ። ጠዋት ነው፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፤ ዘጠኝ ዲግሪ ነው፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ቤቶቹ የተሠሩት ብርድ የሚባል ነገር እንደሌለ ተቆጥሮ ነው። «ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው እኮ! ሳሉም አይለቀውም። አንድ ቀን ጠዋት ሳይነሳ ቢቀር ማን ይከራየኛል? አንተው ራስህ አይደለህ ለተከራይ የምትናገረው?» ደላላው የመለሰላትን አልሰማሁም። እሷ ግን ሳቅ አለችና «እሱማ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰውም ይሞታል» አለች። በእግሬ ጣት እየረገጥኩ በሯን አለፍኩ። የተደበቅኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም፤ ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አባቴ የሚኖረው አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ እኔ ራሴ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሁለት ጊዜ አርፌ ነው የምወጣው። ሦስተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ግን አላርፍም። እዚያ ስደርስ ፈጠን እላለሁ፤ ያን ዕለትም ፈጠን አልኩ። ምክንያቱን ቆይቼ እናገራለሁ። ክፍሉ ስገባ አባቴ በውስጥ ሸሚዙ ሆኖ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳህን ላይ አጎንብሶ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባል። ሻም ሹይ ፖ ገበያ በርካሽ፣ በሃያ ሁለት ዶላር የሚሸጠው ቀለም ነው፤ ለፀጉርም ለጫማም የሚሆን ይመስላል። ክፍሉ አልጋ፣ የምትታጠፍ ጠረጴዛና አንድ ቁምሳጥን ይዞ ሲያበቃ ለሁለት ሰው መቆሚያ አይተርፈውም፤ ስለዚህ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አልጋው የድሮው ነው። አንድ ጎኑ ጎድጉዷል፤ የእናቴ ወገን ግን ደልዳላ ነው፣ ማንም አይተኛበትም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ወይዘሮ ፉንግ ውሉን እንደማታድስ ነግራዋለች። የጨረቃው ዘመን መለወጫ ሳይደርስ መውጣት አለበት። ክፋቷ ነው እንዳልል፣ እዚህ ሰፈር ሰው የሞተበት ክፍል ኪራዩ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ተከራይ ይጠይቃል፣ ደላላም ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ የምትበላው ከዚያች ክፍል ኪራይ ነው። እኔና አባቴ ሌላ ፍለጋ ስድስት ቤት አይተናል። ስድስቱም ፊቱን አይተው ዕድሜውን ጠየቁ፣ ስድስቱም «ውይ፣ ትናንትና ተያዘ» አሉን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አባቴ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም፤ አርባ ዓመት እባብ ቤት፣ የእባብ ሾርባ በሚሸጥበት ምግብ ቤት ሠርቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነደፈው፣ እሱንም ስሙን ለጠራው ሰው ዞር ብሎ ነው። ወይዘሮ ፉንግን ደረጃ ላይ አቁሟት፣ «የዱንግ ዕለት በድሮ ሥራ ቤቴ እራት ልጋብዝዎት። አንዱን እባብ ከመሳቢያው በባዶ እጄ አወጣዋለሁ። እጄ ከተንቀጠቀጠ በማግስቱ ዕቃዬን አወጣለሁ። ካልተንቀጠቀጠ ደግሞ እንደገና ያስቡበት» አላት። ዱንግ የዓመቱ አጭሩ ቀን ነው፤ ከዘመን መለወጫም ይበልጣል ይላሉ፤ ያን ዕለት ብቻውን የሚበላ ሰው ያሳዝናል። የወይዘሮ ፉንግ አንድ ልጇ እንግሊዝ አገር ሄዷል። በሕይወቷ እባብ ቀምሳ የማታውቀው ሴትዮ እሺ ያለችው ለዚህ ይመስለኛል።

«ለካም አራት ነን ብያታለሁ» አለ አባቴ፣ ራሱን በፎጣ እያሸ። ካም የእባብ ቤቱ ባለቤት ናት።

«ሦስት ነን እኮ፣ አባባ።»

«እናትሽስ?»

ብርድ ልብሱን ከላስቲኩ ማውጣት ጀመርኩ። ለዱንግ እራት ለሞተ ሰው ሳህንና ቾፕስቲክ ማስቀመጥ በየቤቱ ያለ ነው፤ እሱ ምንም አይደል። የእሱ ግን ሌላ ነው። «ትናንትም ጠየቀችኝ» አለ ቀስ ብሎ። ምን ብላ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ባልጠይቀው ይሻል ነበር። «ከሐኪም መቼ ነው የምንመለሰው ትላለች። ሁልጊዜም ያንኑ ነው የምትለው። በየማታው አይደለም፣ ብርድ ሲሆን ነው።» ዓይኑ ንጹሕ ነበር፤ የሚቃዥ ሰው ዓይን አልነበረም። እኔም፣ «ቀለሙን ታጠብ፣ ጆሮህን ነክቶታል» አልኩትና ተነሣሁ።

የምሠራው ጹን ዋን ውስጥ፣ አርባ ፎቅ ባለው ሕንፃ በር ላይ በጥበቃነት ነው። ሥራዬ የሚገባና የሚወጣውን መመዝገብ ነው። ሰው ሲሞትም አውቃለሁ፤ የዕቃ ማመላለሻው ሊፍት ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ አስከሬን በሰው ሊፍት አይወርድም። ነዋሪው እንዳይከፋው መዝገቡ ላይ «ዕቃ» ብለን እንጽፋለን። በሰባት ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ ዕቃ ብዬ ጽፌያለሁ። ያ ዕለት ዱንግ ነበርና ሰው ሁሉ ዶሮና ብርቱካን ተሸክሞ ሲገባ፣ ልጆች በጊዜ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እናቴ የሞተችበትን ማክሰኞ አስብ ነበር። በጥር አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል።

እናቴ የሞተችው ጎህ ሲቀድ፣ እዚያችው አልጋ ላይ፣ በደልዳላው በኩል ነው። ሳንባዋ ነው። ያኔ ቤቱ የወይዘሮ ፉንግ አማት ንብረት ነበር፤ እሷ ደግሞ ከምራቷ የባሰች ነበረች፤ ክፍሏ ውስጥ ሰው መሞቱን ብታውቅ አባቴን ሰልስቱ ሳይወጣ ታስወጣው ነበር። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ እጇን ይዟል፤ እኔ ግን ካፖርቷን ፈለግኩ። የሱፍ ኮፍያ አጠለቅንላት፤ አፍና አፍንጫዋን በጭንብል ሸፈንኩ፤ በአንሶላ አድርገን አባቴ ጀርባ ላይ አሰርናት። እሱ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብሎ፣ «ጠበቅ አድርገሽ ያዥኝ፤ ሐኪም ጋ ደርሰን እንመለሳለን» አላት። ሦስተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ አሮጊቷ ዪክ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ አገኘችን። «ሱት፣ ሐኪም ቤት ነው? ይማርሽ እህቴ» አለቻት እናቴን በስሟ ጠርታ። እኔም በእናቴ ፋንታ፣ «አዎ፣ ትንሽ ብርድ ነው፤ ይመስገን» ብዬ መለስኩ። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። ታች አንዲት ሴት የታክሲውን በር ከፈተችልን፤ ፊቷን እንኳ አላየሁም፤ ቀና ብዬ ሰው ማየት አልቻልኩም ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሞታ ነው የመጣችው አሉ፤ አንድ ፖሊስ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ ወረቀቱ ላይ የሆስፒታሉ ስም ተጻፈ። ነገሩ የተበላሸው ከዚህ ነው። ነፍስን ከሞተችበት ቦታ ጠርቶ የሚመራው ካህን ወረቀቱን አየና ደወሉን ሊያቃጭል ወደ ሆስፒታሉ በር ሄደ። ስሟን ሦስት ጊዜ እየጠራ፣ «ነይ፣ ቀኑ አልቋል፤ ተከተይኝ» አላት። እናቴ እዚያ ምን ትሠራለች? አምስተኛ ፎቅ ላይ ናት። መሞቷንም የነገራት የለም፤ የተነገራት ሐኪም ጋ ደርሳ እንደምትመለስ ነው። ለሌላ ካህን እውነቱን እንዳንነግረው ደግሞ ወሬው ለአከራይዋ ይደርሳል ብለን ፈራን፤ ፍርሃቱ ዓመት ሞላው፣ ዓመቱም አሥር ሆነ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ግን እፈጥናለሁ።

ከሥራ ልወጣ ስል ባለቤቴ ቹንግ ደወለ። እሱና ልጆቹ ለእራት እናቱ ዘንድ ናቸው። ወይዘሮ ፉንግ አሻፈረኝ ካለች ምን እናደርጋለን አልኩት። «ሊን፣ አባትሽን እወዳቸዋለሁ፤ ታውቂያለሽ። ግን የት እናስተኛቸው? አንቺው ንገሪኝ፣ የት?» አለ። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄና የአሥራ አራት ዓመቷ እህቱ የሚተኙት በተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፤ እኛ ሶፋውን ዘርግተን ነው የምንተኛው፤ ሶፋው ሲዘረጋ የመታጠቢያ ቤቱ በር አይከፈትም። መልስ ስላጣሁ ውስጤ ቀለል አለኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በዱንግ ዕለት እባብ ቤቱ ሁለት ዙር ያስተናግዳል፤ የእኛ የመጀመሪያው ነው፣ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ። ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። አንደኛውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የእንጨት መሳቢያዎች ሞልተውታል፤ እያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም «መርዘኛ» ተብሎ ተጽፏል። አሁን አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ እባቡ በረዶ ሆኖ በካርቶን ነው የሚመጣው፤ ካም ግን ለደንበኛ ዓይን ብላ ጥቂቱን በሕይወት ታኖራለች። አባቴ ፀጉሩን አጥቁሮ ሲገባ ካም ማንኪያዋን ይዛ ብቅ አለች።

«ሉክ ሲፉ! ፀጉርዎ እንዲህ የጠቆረው ሊያገቡ ነው?»

«አግብቼ አይደል የመጣሁት! አራተኛውን ሳህን አምጪ።»

ካም ሳቀች። ሲፉ የምትለው መምህሬ ለማለት ነው፤ ቢላዋ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። ወይዘሮ ፉንግ ቡናማ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ በሰዓቱ ደረሰች፤ አንድ ፓኮ ብርቱካን ይዛለች፤ ባዶ እጇን አልመጣችም። ቦርሳዋን አራተኛው ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ሳህኑን ስታይ «ሌላም ሰው አለ?» አለች። አባቴ «ትደርሳለች» አላት። እኔ ሻይ መቅዳት ጀመርኩ፤ የቀዳሁትንም መልሼ ቀዳሁት።

ከዚያ አባቴ ተነሣና እጅጌውን ሰበሰበ። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ያሉት መብላት አቆሙ። ከታች ሦስተኛውን መሳቢያ ሳብ አደረገ፤ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ፣ ከኪሱ ቁልፍ እንደሚያወጣ ሰው እጁን ሰደደ። ይዞት የወጣው ክንድ ተኩል የሚሆን ቡናማ እባብ ነው፤ አንገቱን በሁለት ጣት ይዞታል፣ ጅራቱ ክንዱ ላይ ተጠምጥሟል። ወደ ጠረጴዛችን መጣ። ወይዘሮ ፉንግ ሁለት እግሯን ወንበሩ ላይ ሰቀለች።

«ይንኩት እንጂ!»

«ኧረ በስመ አማልክት! አይነክስም?»

«እኔ ይዤው? የሚናከሰው ሰው ነው፤ ይሄማ ምስኪን ነው።»

በአንድ ጣቷ ነካችው፤ ነክታም እንደ ልጅ ሳቀች። ሰው አጨበጨበ። የአባቴ እጅ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቀልኩም፤ ወይዘሮ ፉንግም አልነቀለችም፤ ሁለታችንም የምናየው እባቡን አልነበረም። ካም እባቡን ተቀብላው ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ሁለት ጭልፋ የማይሞላ የሩዝ አረቄ በሁለት ስኒ አመጣች፤ ሐሞቱ ተበጥብጦበት አረንጓዴ ሆኗል። አባቴ በሁለት ጉንጭ ጨረሰው። ወይዘሮ ፉንግ ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችውና «ውይ፣ ይመራል!» አለች። «ካልመረረ ሐሞት አይባልም» አላት። በዚህ መካከል ጉልበቴ ላይ አንድ ነገር ጨመደደኝ። የአባቴ እጅ ነው። ጠረጴዛው ሥር እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፤ እንዳይታይበት የእኔን ጉልበት ይዞ ሊያቆመው ይታገላል። እጄን እጁ ላይ ጫንኩት፤ ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ፈገግ አልን።

ሾርባው መጣ። ወፈር ያለ፣ የሚያቃጥል፤ የሎሚ ቅጠልና ነጭ አበባ በቀጭኑ ተከትፎ ተነስንሶበታል። ወይዘሮ ፉንግ የመጀመሪያውን ማንኪያ እንደ መድኃኒት ዋጠችው፣ ሁለተኛውን እያሰበች፣ ሦስተኛውን ግን ፈልጋው በላች። «ዶሮ ዶሮ ይላል» አለች። «ሰው የማያውቀው ሥጋ ሁሉ ዶሮ ዶሮ ነው የሚለው» አለ አባቴ። ሳቀችለት። ሙቀቱ ፊቷን አቀላው፤ ካፖርቷን አወለቀች፤ ልጇ በምሳ ሰዓት ደውሎ አራት ደቂቃ እንዳወራት ነገረችን፤ ልጅ ልጇ ካንቶንኛ መናገር እየረሳ ነው። «እኔም ለዚህ ዕድሜ ብቻዬን እደርሳለሁ» አለች ወደ አባቴ እያየች፤ «ያኔ አንድ ቀን በሬን የሚያንኳኳ አይኖርም።» ጠዋት በደረጃው ላይ የሰማኋትን ሴትዮ ልጠላት ነበር የመጣሁት፤ ማዘን ጀመርኩ። ከጠላቴ ጋር ብቀመጥ ይቀለኝ ነበር።

በሸክላ ድስት የተሠራው ሩዝ ቋሊማውን ተሸክሞ ሲመጣ ወይዘሮ ፉንግ ሁለት ጊዜ ተጣጥፎ የነበረ ወረቀት ከካፖርቷ ኪስ አወጣች። በገዛ እጇ የጻፈችው ነው። «ጋሼ ሉክ፣ እጅዎ ደኅና ነው፤ ቃሌ ቃል ነው። ሁለት ዓመት አድስልዎታለሁ» አለች። የአባቴ ትከሻ ወረድ ሲል አየሁ። «አንድ ነገር ብቻ። ልጅዎ ትፈርምልኛለች።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። እንዲህ ይላል፤ አባቴ ሕመም ከጠናበት፣ ወይም ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ «እንግዲህ ቤቱ ይሁን» ካለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚተኛው በእኔ ቤት ነው፤ ወደ አምስተኛው ፎቅ አይመለስም። ከሥር ለአድራሻዬ የተሰመረ መስመር አለ። «ሕጋዊ ነገር አይደለም፤ የሕሊና ነው» አለች። «አባትሽ አይደሉም? ምን ከባድ ነገር አለው?»

ምን ከባድ ነገር አለው? ማንም ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ስሜን ጻፍኩ፤ ስም መጻፍ ምንም አይደለም። አድራሻው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሶፋው ታየኝ፣ የማይከፈተው የመታጠቢያ ቤት በር፣ ከበሩ ጀርባ ሲያስል የሚያድር ሰው፣ ልጄ እራት ሰዓት ላይ ሳህኑን ይዞ የሚቆምበት ቦታ። ከዚያ የባሰው ታየኝ፤ አንድ ጎህ ሲቀድ እኔው ቤት፣ እኔው ሶፋ ላይ፣ ካፖርት ፍለጋ የሚሯሯጠው ማን ነው? ወይዘሮ ፉንግ በአንድ ስልክ የተናገረችውን እኔ በሆዴ ስንት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። የእሷን ቃል ጠዋት ስሰማ ያቃጠለኝ ለካ የራሴ ስለሆነ ነው። ካም ሩዙን እያወጣች ትጨልፋለች፤ አባቴ ይበላል፤ ወይዘሮ ፉንግ እስክሪብቶዬን ታያለች። ቋሊማው አለቀ፣ ከድስቱ ሥር ያረረው ተፋቀ፣ እስክሪብቶዬ አሁንም ባዶው መስመር ላይ ነው።

አባቴ ቾፕስቲኩን ሳህኑ ላይ አጋደመ።

«ወይዘሮ ፉንግ፣ ልጄን አያስቸግሯት» አለ። «ይሄ ወረቀት አያስፈልግም። ቤቱ ድሮ ያበቃለት ነው። ሚስቴ የሞተችው እዚያው አልጋዬ ላይ ነው። ሐኪም ቤት አይደለም፤ ተሸክሜ ያወረድኳት ሬሳዋን ነው።»

«አባባ!» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

ወይዘሮ ፉንግ ቀስ ብላ ወደ አራተኛው ሳህን ዞረች፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ፤ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል ነበር። «ማክሰኞ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አማቴን ልጠይቅ መጥቼ ነው። የታክሲውን በር የከፈትኩላችሁ እኔ ነኝ። አንድ እግሯ ወደ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ይዤ አስገባሁት። ቀዝቅዞ ነበር። ብርዱ ነው አልኩ፤ ሹራብ ልስጣችሁ ብዬ ሁሉ ጠይቄሻለሁ፤ አንቺ ‹አይ፣ ደኅና ናት› አልሽኝ።» ወደ እኔ ነው የምታየው። እኔ አላስታውሰውም፤ እስከ ዛሬም አላስታውሰውም። ግን ብያለሁ ካለች ብያለሁ።

ልትጮህ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኸችም። ወረቀቱን አነሣችና ስሜ ያለበትን በኩል ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችው። ድምጿ ሲወጣ ከንዴት ይልቅ ድካም ነበረው። «ደላላው ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፤ ሰው ሞቶበታል ወይ ይለኛል። የለም እላለሁ። እውነቴን ነበር። ከዛሬ በኋላ ለሌላ ሰው ባከራየው እየዋሸሁ ነው፤ ያውም ነፍሷን ማንም ያልጠራትን ሴትዮ ደብቄ። ለእናንተ ብዬ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ቆመችና ካፖርቷን ለበሰች። «ይኑሩበት፣ ጋሼ ሉክ። እስኪበቃዎት ይኑሩበት። እዚያው ይሙቱ። ሚስትዎን ያገኟታል። ይቅርታ ግን አላደረግኩም፤ ለሁለታችሁም።» ብርቱካኑን ትታው ወጣች። በሩ ሲከፈት ሁለተኛውን ዙር የሚጠብቁት ሰዎች ብርዱ ውስጥ ሲዘሉ አየኋቸው። ካም መጥታ ሰዓታችን ማለቁን በዓይኗ ነገረችን፤ አራተኛውን ሳህን ሳትነካ ሌላውን ሁሉ ሰበሰበች።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን፤ ሦስት መንገድ ነው። ክፍሉን አግኝተናል፤ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ደረጃውን ስንወጣ በወይዘሮ ፉንግ በር ሥር መብራት ይታያል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቷል። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ፈጠን ልል ስል አባቴ ቆመ፤ ትንፋሹ አጥሮታል። ስለዚህ አብሬው ቆምኩ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። አሮጊቷ ዪክ ከሞተች ቆይቷል፤ በሯ ላይ የሌላ ሰው ስም አለ። ልቀልድ ሞከርኩ።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። ያቺ አረቄ ጉድ ሠራችን፣ አባባ።»

«አረቄ?» አለ። ጨለማው ውስጥ ዞር ብሎ አየኝ። «አርባ ዓመት ስቀዳው ኖሬ በሁለት ጉንጭ የምሰክር ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ተናገርከው? አሥራ አንድ ዓመት ይዘነው!»

የደረጃውን ብረት ይዞ አንድ ሁለት ጊዜ አሳለ። «ጠበቅኩሽ» አለ። «ሩዙ እስኪያልቅ፣ ያረረው እስኪፋቅ ጠበቅኩሽ። እንደማትጽፊው አውቃለሁ፤ ቤትሽን አውቀዋለሁ፣ አልቀየምሽም። ግን ‹አይሆንም› የሚለው ቃል ከአፍሽ ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ አየሁት። በሰው ፊት አንዴ ከወጣ እኔ ከሞትኩ በኋላም አይለቅሽም። የእናትሽ ይበቃሻል።»

የቀሩትን ደረጃዎች እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ ነበር፤ ማድረጌን ያወቅኩት አምስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ነው፤ እሳት እንደነካው ሰው አነሣሁት። አባቴ በሩን ከፈተ። መብራቱን ሳያበራ፣ «መጣን» አለ ወደ ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ልጅቷ አትገባም፣ ነገ ሥራ አላት።» ከውስጥ የሚመልስ አልነበረም። ወይም እኔ አልሰማሁም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በሩን በአንድ እጁ ይዞ ቆመ፤ የቀለም እድፍ አሁንም ጆሮው ላይ አለ። አሁን ነው፣ አልኩ፤ ማንም አይሰማንም፣ ወረቀትም የለም፤ አሁን ካላልኩት መቼም አልለውም። «ወደ እኛ ና» ልለው አፌን ከፈትኩ።

«በሩን በደንብ ቆልፍ» አልኩት።

«እሺ፣ ልጄ» አለ። ቆለፈውም።